ሦስት ደረጃ ወደ ታች

ሉሺየስ ታርቨር ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲትን ሴት ሲዋሽ ኖሯል፤ ያውም በአፉ ሳይሆን በጣቶቹ። አፉማ ድሮም ቁጥብ ነው። ዕድሜው ስልሳ ሁለት ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈው ከዘፋኟ ከኦርሊን ፕሩት ጀርባ ፒያኖ ላይ ተጎልቶ ነው። ሰው ፊቷን ያያል፣ እሱ ትከሻዋን ያያል። ትከሻዋን ብቻ አይቶ እንቅልፍ እንዳጣች፣ ጫማ እንደጠበባት፣ ከእህቷ ጋር በስልክ እንደተጣላች መናገር ይችላል። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ትከሻዋ ደክሞ ነበር።

የእሱም ደክሟል። የካቲት ነው፤ የኒው ዮርክ በረዶ ጠቁሮ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። ከሐርለም እስከ ስቱዲዮው በታክሲ ሲመጡ ኦርሊን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ሎሚና ማር የገባበትን ሻይዋን በፔርሙስ ታቅፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ስቱዲዮው የቀድሞ የዳንስ አዳራሽ ነው። ቧንቧው ኳ ኳ እያለ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ሥራ ሲጀመር የእንፋሎት ማሞቂያው ይዘጋል። ስለዚህ ሠላሳ ሁለቱ ሙዚቀኞች ሹራብ ደርበው ይቀመጣሉ፤ ትልቁን በገና፣ ሃርፕን፣ የምትጫወተው ሴትዮማ ተራዋ እስኪደርስ ጓንቷን አታወልቅም።

ይህን አልበም ኦርሊን ዕድሜ ልኳን ስትመኘው ነው የኖረችው። በሲጋራ ጭስ መሀል፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ፣ ከፒያኖ፣ ከባስና ከከበሮ ጋር ብቻ ሃያ ዓመት ጃዝ ዘፍናለች። ለነጮቹ ዘፋኞች እንደ ቁርስ የሚቀርበው ቫዮሊን ለእሷ ሳይደርሳት አርባ ስምንት ዓመት ሞላት። ባለፈው መኸር ነው አንድ የሸክላ ኩባንያ፣ አሥራ ሁለት ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ከነሙሉ ኦርኬስትራው እንቅረጽሽ ያላት። ስልኩን ዘግታ ኩሽናው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና «ሉሽ፣ ሳልሞት ቫዮሊን ሊያጅበኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ሉሺየስም አብሯት አለቀሰ። እሱ ግን ግማሹን ያለቀሰው በፍርሃት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ደረቷን ታማ ከተነሳች በሳምንቱ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስትዘፍን ድምፅዋ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀውም ስሟን ባስጠራው ዘፈን ላይ ነው፤ «በሩን ገርበብ አድርገው» በሚለው። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው «ምናልባት ብመለስ» የሚልበት ከፍ ያለ ቦታ አለው፤ ሰው የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው። ኦርሊን ከመድረክ ወርዳ ካፖርቷን እንደለበሰች መልበሻው ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። እህል አልቀመሰችም፣ ሰው አላናገረችም። እንዲያ ሆና አይቷት አያውቅም ነበርና ሉሺየስ ደነገጠ።

በማግስቱ ዘፈኑን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ጀመረላት። አንዲት ደረጃ ናት፤ ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ ካለው ቁልፍ የምታደርስ። ኦርሊን ኖታ አታነብም፤ ስትዘፍንም ፊቷ ወደ ሰው፣ ጀርባዋ ወደ ፒያኖው ነው። ያንን ከፍ ያለ ቦታ እንደ ድሮዋ ወጣችውና ከመድረክ ስትወርድ ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። «አየህ? ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር እኮ! ኦርሊን የት ትሄዳለች!» አለችው። መናገር የነበረበት ያኔ ነው። እሱ ግን ሆድ ይፍጀው አለ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ደረጃ ወረደ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ባስ የሚጫወተው ቡከር ስታይልስ አብሮ መውረድ ስለነበረበት ያውቃል። ከበሮ መቺው አያውቅም፤ ከበሮ ምን መውረጃ አለው።

የባሰው የኦርሊን ጉራ ነው። ዘፋኝ ከአርባ ዓመቱ በኋላ ዘፈኑን ዝቅ ማድረጉ ያለ ነገር ነው፤ ደፍሮ የሚያወራው ግን የለም። እሷ «እኔ ድሮ ካነሳሁበት አልወረድኩም» እያለች በየመልበሻ ክፍሉ አወራች። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ የክሌመንታይን አሽቢ ልደት ተከብሮ ነበር። ክሌመንታይንም ዘፋኝ ናት። በሰው ልመና ተነስታ የድሮ ዘፈኗን ዝቅ አድርጋ ስትዘፍን፣ ኦርሊን ከወዲያ ማዶ «እቴ፣ ከምድር ቤት ነው እንዴ የምትዘፍኚው? ኧረ ውጪ፣ ብርሃን እዪ!» አለቻትና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክሌመንታይንም ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰው ፊት አልዘፈነችም፣ ለኦርሊንም አልደወለችም። ሉሺየስ ያን ዕለት የስኳር ድንች ኬክ በሳህን ይዞ እዚያው ኦርሊን አጠገብ ቆሞ ነበር። ኬኩ አልዋጥ አለው።

ታኅሣሥ ላይ የኦርኬስትራው አቀናባሪና መሪ ሚስተር አብነር ሎዊ ደወለ። ስምንቱ ዘፈኖች ለኦርሊን አዲስ ስለነበሩ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ጉሮሮዋ ለክቶላታል። አራቱ ግን የራሷ የድሮ ዘፈኖች ናቸውና ከየትኛው ኪይ ልጻፋቸው፣ ከየት ይነሱ፣ ብሎ በስልክ ጠየቃት። «ሸክላው ላይ ካሉበት ነዋ! የኔ ጌታ፣ ኦርሊን ከቦታዋ አትነቃነቅም» አለችው። ሉሺየስ እዚያው እሷ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁርሱን እየበላ ነበር። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ የመንገድ ስልክ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሎዊን ቁጥር አዙሯል። ሁለቱንም ጊዜ «ሃሎ» ሲባል ዘጋው። ለባዕድ ሰው ከተናገረው ነገሩ እውነት ሊሆንበት ነው። ደግሞ ሁለት ሳምንት ካረፈች ትወጣዋለች እያለ ራሱን ሸነገለ። ፈሪ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ አንድ ቀረጻ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ ሰባት፣ በቀን አራት ዘፈን። ሰኞና ማክሰኞ ስምንቱ አዳዲስ ዘፈኖች አምረው አለቁ። ለዛሬ የቀሩት የድሮዎቹ አራቱ ናቸው። ሦስቱ ከፍ ያለ ቦታ ስለሌላቸው ኦርሊን እንደምንም ተወጣቻቸው፤ በየመሀሉ ሻይዋን እየተጎነጨች «ዛሬ ምን ነካኝ» ስትል ሉሺየስ ይሰማታል። ሰባት ሰዓት ሊሆን አርባ ደቂቃ ሲቀረው ሚስተር ሎዊ «በሩን ገርበብ አድርገው» የሚለውን ኖታ ገለጠ።

ቫዮሊኖቹ ተነሱ። ሎዊ መግቢያውን ሲጽፍ ምን ይዞት እንደነበር እንጃ፤ ሰው ከሩቅ አገር ወደ ቤቱ ሲመጣ ደጁ ላይ እንደሚያመነታ ዓይነት ነበር፣ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ። ኦርሊን ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ልትገባ ስትል ግን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከፍ አለ፤ ሉሺየስም አየ። ከፍ ያለው ቦታ ሲደርስ ድምፅዋ እንደ ደረቅ ጨርቅ ተቀደደ።

ከመቅረጫው ክፍል መስታወት ወዲያ ያለው የኩባንያው ሰው ሚስተር ክሬል በድምፅ ማጉያው «በጣም ቆንጆ ነበር ሚስ ፕሩት። ያቺን የላይኛዋን ብቻ እንደገና እንሞክራት» አለ። ሞከሩ። ሁለተኛውም ተቀደደ። በሦስተኛው ጭራሽ ወደ ላይ መውጣቱን ትታ ዝም አለች፤ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ትንሽ ሄደው አንድ በአንድ ቆሙ።

«ሚስተር ሎዊ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እነዚህን ቫዮሊኖች ማን ነው ከፍ ያደረጋቸው?» አለች ኦርሊን።

«ማንም ሚስ ፕሩት። ሸክላው ላይ ካለበት ነው የጻፍኩት። እርስዎ እንዳሉኝ።»

«እኔ ይሄን ዘፈን በሳምንት ስድስት ቀን እዘፍነዋለሁ! የት እንዳለ ሊጠፋኝ ነው? የገዛ ቤቴን በር እኮ ነው የምትነግረኝ።» ዞረች። «ሉሽ! እስቲ ለሰውዬው ንገረው። ከየት ነው የምንጫወተው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሠላሳ ሁለት ሰው ወደ ፒያኖው ዞረ። ቡከር አንገቱን ደፍቶ ያልላላ ክር ያጠብቅ ጀመር። ሉሺየስ ስህተቱ የአቀናባሪው ነው ማለት ይችል ነበር፤ ሎዊ ጨዋ ሰው ነው፣ አይከራከረውም። ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ኦርሊን ግን ፊቷን አዙራለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘፈን መሀል እንዲህ ፊት ለፊት አይታው አታውቅም።

«ንገረው እንጂ! ድዳ ሆንክ?»

«ከዚህ በታች ነው» አለ ሉሺየስ።

«ምን ማለት ነው ከዚህ በታች?»

«ሦስት ደረጃ። ከፊላደልፊያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ አንድ... አንቺ አይደለሽም ኦርሊን። እኔ ነኝ ያወረድኩሽ።»

ኦርሊን ሻይ የምትጠጣበትን የፔርሙስ ክዳን ኖታ ማስቀመጫው ላይ ቀስ አድርጋ አኖረች። «አሥር ደቂቃ ስጡኝ» አለችና በጎን በር ወጣች።

ሉሺየስ ተከተላት። የኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት፣ ካፖርቷን ለብሳ፤ ልክ እንደ ፊላደልፊያ። ከጎኗ ሊቀመጥ ሲል «ቁም» አለችው። ጉልበቱን እያመመው ቆመ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ቡከር።»

«ያ አስመሳይ! እናቴ ሚስ ኦርሊን እያለ ካፖርት የሚያለብሰኝ! ከበሮ መቺውስ?»

«ከበሮ መቺ ስለ ኪይ ምን ያውቃል።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ታየው። ከዚያ ጠፋ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን እንዳደረግከኝ ታውቃለህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ደከመኝ ስል ኖርኩ። ድምፄ እንዳለ ነው፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው የምደክመው አልኩ። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሲጋራዬን ተውኩ። ሁለት ጥርሴን አስነቀልኩ፣ ከጥርሴ ይሆናል ብለው! ልብሽ ነው አለኝ አንዱ፤ አንዱ ደግሞ ባል ስለሌለሽ ነው አለኝ። አርጅቼ ነው ለካ! ይኸው ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ አርጅቼ። ይሄን ማወቅ መብቴ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«ያን ቀን ካፖርትሽን ለብሰሽ ስትቀመጪ... ዳግመኛ አትነሽም ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ ደግሞ ሳቅሽ። ሳቅሽን ልቀማሽ? በኋላ በነጋ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ይቅር በይኝ።»

ኦርሊን የካፖርቷን ቁልፍ ስታሽከረክር ቆየች።

«ክሌመንታይን» አለች በመጨረሻ። «ክሌምን በሰው ፊት ከምድር ቤት ነው እንዴ ስላት አጠገቤ ቆመህ ነበር። ኬክ ይዘህ። እኔ ራሴ ከዚያው ከምድር ቤት እንደምዘፍን እያወቅክ። አላፈርክም?»

«አፍሬያለሁ።»

«እኔን ብትዋሸኝ ግድ የለም፤ እኔም ሰውን ስዋሽ ነው የኖርኩት። እሷን ግን አፏን አዘጋሁት ሉሺየስ። አንተ ደግሞ አይተህ ዝም አልክ።» ሙሉ ስሙን የምትጠራው ስትቀየመው ብቻ ነው።

ከላይ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። ኦርሊን በሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋችለት። ይቅርታዋ አልነበረም፤ ለመነሳት ነው። ይዞ አነሳት።

አዳራሹ ውስጥ ሲመለሱ ወሬው ቆመ። ኦርሊን ቀጥ ብላ ወደ ሚስተር ሎዊ ሄደች።

«ሚስተር ሎዊ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዎቹ ሦስት ደረጃ ዝቅ ብለው ሊጫወቱልኝ ይችላሉ?»

ሎዊ መነጽሩን አወለቀ። ሠላሳ ሁለት ሰው ፊቱ ያለውን ኖታ ትቶ በአንድ ጊዜ ልውረድ ቢል እርስ በርሱ ይራገጣል። «ይችላሉ፣ ኖታው እንደ አዲስ ከተገለበጠ። ገልባጮቹ እስከ ነገ ጠዋት ያደርሱታል። ነገ ደግሞ አዳራሹ የሌላ ሰው ነው።»

«ዘፈኑን ልንተወው እንችላለን» አለ ሚስተር ክሬል ከማጉያው። «አሥራ አንድም አይከፋም።»

«ለሱ ስል ነው የመጣሁት» አለች ኦርሊን። «እነዚህ ሰዎች ይቀመጡ። ደክሟቸዋል፣ ይረፉ። ሉሽ፣ ና ፒያኖው ላይ።» ቡከር ባሱን ሲያነሳ አየችው። «አንተም ቁጭ በል፣ ከሃዲ።»

ቡከር ቁጭ አለ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። ኦርሊን ማይክራፎኑን ራሷ ጎተተችና ወደ ፒያኖው አዞረችው፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የድምፅ ባለሙያ አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ፊቷን ወደ ሉሺየስ አድርጋ፣ አንድ እጇን ፒያኖው ላይ ጥላ ቆመች። ጣቶቹን ታይ ነበር። ሉሺየስ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተ ሰው እንዳልሆነ ሁሉ ጣቶቹ ቀዘቀዙ። እንደምንም መግቢያውን ጀመረ።

«ቁም። ያንተ ኪይ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አንድ ደረጃ ውረድ።»

«ኦርሊን፣ እዚህ ላይ ደህና ነሽ እኮ። ማታ ማታ የምት...»

«ደህና አልነበርኩም። እዚህም ላይ ስታገል ነው የኖርኩት። አንተ በየዓመቱ ስታወርደኝ እኔ ከአንተ ቀድሜ ወርጄ ነበር። ውረድ አልኩህ።»

ሉሺየስ ወረደ። የሚያውቃት መስሎት ነበር፤ ትከሻዋን አይቶ ሁሉን የሚያውቅ። ለካ እሱም አላየም። እያለቀሰ መግቢያውን ደገመው፣ ዝግ ብሎ፣ በትንሽ ድምፅ፤ እሷም ገባች። ከታች ያለው ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ሙቀት ያለውና ሰው ራሱን ሲያናግር የሚያወጣው ዓይነት። «ምናልባት ብመለስ» ስትል ትከሻዋ አልተነሳም። ሽቅብ የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ደክሟት ቤቷ እንደ ደረሰች ሴት ዝም ብላ ተናገረችው።

መሀል ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባትን አለፈ። በደንቡ መሠረት ሰዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው መውጣት ይችላሉ። ከቫዮሊን ተለቅ ያለውን ቪዮላ የሚጫወት አንድ ሽማግሌ ካፖርቱን ግማሽ ለብሶ ነበር፤ ሌላኛው እጅጌ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የቀሩት ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ሚስ ፕሩት» አለ ሚስተር ክሬል ቆይቶ። «ለመጠባበቂያ አንድ ጊዜ ብንደግመው?»

«ሌላ የለኝም» አለች ኦርሊን። ሽማግሌው ሁለተኛውን እጅጌውን ለበሰ። አንድ ሰው ማሞቂያውን ከፈተውና ቧንቧው ኳ ኳ ማለት ጀመረ።

ምድር ቤት፣ የአዳራሹ መግቢያ ላይ የስልክ ሳጥን አለ። ሉሺየስ ፔርሙሷን ይዞ ታክሲ ሊጠራ ሲያልፍ ኦርሊን ክንዱን ያዘችው።

«ሳንቲም አለህ?»

ሰጣት። «ለማን ነው?» አላለም። እሷ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን በቃሏ አዞረች፤ ሰው የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን ቁጥር አይረሳም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ ሉሺየስ እንዲሰማ ይሁን ብርታት እንዲሆናት አላወቀም። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጮኸ።

«ክሌም? አትዝጊው። ኦርሊን ነኝ።» ከወዲያ በኩል የቁጣ ድምፅ ተሰማ። «አውቃለሁ። አውቃለሁ እህቴ፣ ቀጥዪ፣ ስደቢኝ። ይገባኛል።» ሌላኛዋ ሴት ስትናገር ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ዓይኗን በጓንቷ ጠረገች። «ልደትሽ ላይ ያልኩሽን... ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ነው የደወልኩት። እኔም እዚያው ምድር ቤት ነኝ። ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ከጎንሽ ቦታ አለ?»

ሉሺየስ ታክሲውን ሳይጠራ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።